የድሮዋን ኢሌክ-ትራክ በሥራ ላይ ማቆየት፦ ከባትሪ እስከ ቢላ

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ነው። ግቢዬ አንድ ኤከር ያህል ይሆናል፤ ግማሹ ተዳፋት ነው። ሣሩን የማጭደው በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኢሌክ-ትራክ፣ ሞዴል ኢ-15 ነው፤ በባትሪ የምትሠራ፣ ተቀምጠው የሚነዷት የግቢ ትራክተር ናት። ነዳጅ አትጠጣም። ካርቡራተር የላትም፣ ካንዴላ የላትም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርላትም። ስድስት ባትሪ ብቻ ይዛ ትወጣለች። ከተሠራች ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏታል፤ ዛሬም ተዳፋቱን እያጨደች ትወጣዋለች።

ጄኔራል ኤሌክትሪክ እነዚህን ትራክተሮች ገበያ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የሚሠሩትም ኒው ዮርክ ግዛት፣ ስኬነክታዲ ነበር። ከትንሿ ኢ-8 ጀምሮ እስከ ትልቋ ኢ-20 ድረስ ብዙ ሞዴል ነበራቸው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኩባንያው ሥራውን ተወው፤ ምርቱ መጀመሪያ ወደ ዊል ሆርስ፣ በኋላም ወደ አቭኮ ኒው አይዲያ ዞረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቆመ። ትራክተሮቹ ግን አልቆሙም። ዛሬም በየጋራዡና በየጎተራው አቧራ ለብሰው ይገኛሉ። ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚላችሁ አንድ ነገር ነው፦ «አይሠራም፣ ሞተሩ ሳይሞት አይቀርም»።

አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አልሞተም። የእንጀራ ሥራዬ የመጋዘን ፎርክሊፍት ባትሪና ሞተር መጠገን ነው፤ በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ቶሎ የሚሞተው ምን እንደሆነ በየቀኑ አየዋለሁ። መጀመሪያ ባትሪው ይሄዳል። ቀጥሎ የገመድ መገናኛው። ከዚያ ኮንታክተሩ፣ ኃይሉን የሚያበራውና የሚያጠፋው ትልቅ ማብሪያ። ሞተሩ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፦ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ለኩ። ሃያ ዶላር የማትሞላ ቴስተር ብዙ መቶ ዶላር ታድናለች።

ውስጧ ምን አለ?

ስድስት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተርታ ተያይዘው 36 ቮልት ይሰጣሉ። የጎልፍ ጋሪ ባትሪ የሚባለው ነው። ከፊሎቹ ከፊት ኮፈኑ ስር፣ ከፊሎቹ ከኋላ ይቀመጣሉ። አንዱ 28 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 170 ኪሎ ገደማ። ይህ ክብደት ጠላት አይደለም። ጎማው መሬት ቆንጥጦ ተዳፋት የሚወጣው በእሱ ነው።

ከታች አንድ የመንጃ ሞተር አለ፤ በቺንጋ ካምቢዮውን ያዞራል። ቢላዎቹን የያዘው የማጨጃ ክፍል፣ እዚህ አገር ዴክ የሚባለው፣ የራሱ ሞተሮች አሉት። በትልልቆቹ ሞዴሎች ላይ ሦስት ቢላ፣ ለያንዳንዱ ቢላ አንድ ሞተር። በጣም የምወደው ነገር ይህ ነው። አንዱ ቢበላሽ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ሦስት ቢላ የሚያዞር ረጅም ቺንጋ ፍለጋ አትንከራተቱም።

በፔዳሉና በሞተሩ መካከል ኮንታክተሮች አሉ፤ ትልልቅ ሪሌዎች ማለት ነው። ስትነሱ ኤሌክትሪኩ መጀመሪያ በሬዚስተር በኩል ያልፋል፤ ትራክተሯ እንዳትዘል። ከዚያ ኮንታክተሩ «ጠቅ» ብሎ ይዘጋና ሙሉ 36 ቮልት ይደርሳል። ከዚያ በላይ ፍጥነት የሚገኘው የሞተሩን ፊልድ፣ ማለትም በጥቅል ሽቦ የሚፈጠረውን የማግኔት ኃይል፣ በማዳከም ነው። ይህን ሦስት እርምጃ ማወቅ ጥሩ ነው። «ጠቅታ አለ፣ እንቅስቃሴ የለም» እና «ጠቅታም የለም» ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ጠቅታ ከሌለ ችግሩ በትንንሽ ገመዶች፣ በቁልፉ ወይም በመቀመጫው ማብሪያ አካባቢ ይፈለጋል። ጠቅታ ካለ ወደ ትልልቆቹ ገመዶች ሂዱ።

ስትገዙ

ባትሪው እንደሞተ አስባችሁ ተደራደሩ። ሻጩ «ባለፈው ዓመት ነው የገባው» ቢላችሁም የባትሪው ራስ ላይ ወይም መለያው ላይ ያለውን የቀን ማህተም ራሳችሁ አንብቡ። ለስድስት አዲስ ባትሪ የሚወጣው ገንዘብ ከትራክተሯ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ሳያሰሉ የገዙ ሰዎች ናቸው ከሁለት ወር በኋላ መልሰው የሚሸጧት።

ከዚያ የባትሪዎቹን ማስቀመጫ ብረት እዩ። ለዓመታት አሲድ የተንጠባጠበበት ብረት እንደ ቅጠል ይሳሳል። በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን አድርጉት። ቀለሙ ቢላጥ ምንም አይደለም። ካቻቢቴው ከገባ ግን ብየዳ ይጠብቃችኋል፤ ዋጋው ላይ ተናገሩ።

የቢላ ሞተሮቹን ያለ ምንም ባትሪ መፈተን ይቻላል። እንዲህ ነው። የዴኩን ሶኬት ንቀሉ። ወፍራም ጓንት አድርጉ። ቢላውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፤ ትንሽ እየያዘ እየለቀቀ መዞር አለበት። አሁን የዚያን ሞተር ሁለት ገመዶች ጫፍ ለጫፍ አገናኙና እንደገና አዙሩት። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ወዲያው ይከብዳል፣ በግድ ይዞራል። ውስጡ ቋሚ ማግኔት ስላለው፣ በእጅ ስታዞሩት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ገመዶቹ ሲገናኙ ያ ኤሌክትሪክ ራሱን ሞተሩን ይይዘዋል። ካልከበደ ወይ ካርቦኑ፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ፣ አልነካም፣ ወይ አንድ ቦታ ተበጥሷል። ገመዶቹን ለያይታችሁም ሲዞር የሚያንቋቋ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ማግኔቱ ከቤቱ ተላቋል። ኩሽኔታ ቀላል ነው። ማግኔት ግን መልሶ ለማጣበቅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በመዶሻ የተነካ ሞተርም ማግኔቱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል የመዶሻ ምልክት ካያችሁ ጠይቁ።

ቻርጀሯ አብራ አለች? ገመዶቿ በሰው እጅ ተቆራርጠዋል? አንድ ሰው «አሻሽላለሁ» ብሎ የቆራረጣት ትራክተር፣ ማንም ሳይነካት ሃያ ዓመት ከቆመችው የባሰች ናት። እኔ የቆመችውን እመርጣለሁ።

እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

36 ቮልት በደረቅ እጅ አይነዝርም ብሎ መዘናጋት አለ። አደጋው መነዘሩ አይደለም። እነዚህ ባትሪዎች ሾርት ሲያደርጉ የብሎን መፍቻ ቁልፍን እንደ ብየዳ የሚያቀልጥ ኃይል ይለቃሉ። የጋብቻ ቀለበት፣ ሰዓት፣ የአንገት ሐብል፣ ሁሉም ይውለቅ። የቁልፋችሁን እጀታ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጥሩ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ የሚታይ ብረት የሚቀረው ዳዶውን የሚይዘው ጫፍ ብቻ ይሁን።

ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የምትፈቱት በተርታው መሃል ያለውን አገናኝ ገመድ ይሁን። ያኔ 36 ቮልቱ ለሁለት 18 ቮልት ይከፈላል፤ ቢሳሳቱ እንኳ መዘዙ ይቀንሳል።

ቻርጅ ሲደረግ ባትሪው ሃይድሮጅን ያወጣል፤ በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ነው። የጋራዡ በር ይከፈት፣ ኮፈኑም ይነሳ፣ ሲጋራም ብየዳም አጠገቡ አይድረስ። የዓይን መነጽር አድርጉ። አሲድ ቢፈስ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ አፍሱበት፤ አረፋው ሲቆም አሲዱ ሞቷል ማለት ነው። ሶዳው ወደ ባትሪው ቀዳዳ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ።

ባትሪ፣ ባትሪ፣ ባትሪ

ስድስቱ ባትሪዎች በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲደክም ሌሎቹ ይጎተታሉ። ተርታ ስለተያያዙ ኤሌክትሪኩ በሁሉም ውስጥ ያልፋል። የደከመው ቀድሞ ባዶ ይሆናል፣ ሌሎቹ ግን በላዩ ላይ ኃይል ማሳለፋቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ መንገድ ነው አንድ ባትሪ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚያልቀው። ስለዚህ አሮጌና አዲስ ባትሪ አትቀላቅሉ። ስድስቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን የተገዙ ይሁኑ። አንዱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢሞት ብቻ በአዲስ ይተካል።

የተለመደው የጎልፍ ጋሪ ባትሪ 225 አምፔር-ሰዓት ይላል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ባትሪው በሃያ ሰዓት ቀስ ብሎ ሲያልቅ ነው። በ75 አምፔር ስትጎትቱት ግን የሚሰጣችሁ 115 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ይህም 144 አምፔር-ሰዓት አካባቢ ይሆናል። ሣር ስታጭዱ የምትወስዱት ኃይል እዚያው አካባቢ ነው። ረጅምና እርጥብ ሣር ሲሆን ከዚያም ይበልጣል። እንግዲህ ባትሪውን ከግማሽ በታች ላለማውረድ የሚፈልግ ሰው አንድ ሰዓት ያህል አጭዶ ቢያቆም ጥሩ ነው። እኔ የተዳፋቱን ግማሽ ቅዳሜ፣ ሜዳውን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጭዳለሁ። ባትሪው ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ሆኖ ወደ ቻርጀር ይመለሳል።

ቮልቱን ለማወቅ፣ ከቻርጀር ከተነቀለ ወይም ሥራ ካቆመ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት አሳርፉት። ያረፈና ሙሉ የሆነ አንድ ባትሪ 6.37 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ስድስቱ አንድ ላይ 38.2። ግማሽ ሲሆን አንዱ 6.05 ገደማ ነው፤ አንድ ላይ 36.3። አያችሁ? በሙሉና በግማሽ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ቮልት እንኳ አይሞላም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የድሮ ጌጅ ለግምት ያህል እዩት እንጂ አትመኑት። ትክክለኛ ቴስተር ይኑራችሁ።

ቮልት ግን ሙሉውን እውነት አይናገርም። የሚናገረው የአሲድ መለኪያው ነው፤ ሃይድሮሜትር፣ አሲዱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚለካው። መኪና ዕቃ ቤት በርካሽ ይገኛል። እያንዳንዱ ባትሪ ሦስት ክዳን፣ ከያንዳንዱ ክዳን ስር አንድ ሴል አለው። በጠቅላላው አሥራ ስምንት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባትሪው ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ካረፈ በኋላ፣ አሥራ ስምንቱንም ለኩና ደብተር ላይ ጻፉ። መለኪያውን ወደ ሴሉ አስገብታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ምጠጡና መልሱ፤ ከላይ ያለው ቀጭን ውሃ ይቀላቀላል። ከዚያ በዓይናችሁ ትክክል አንስታችሁ አንብቡ። ሙሉ የሆነ ሴል 1.277 አካባቢ ነው። ሁሉም ተቀራራቢ ሆነው ትንሽ ዝቅ ካሉ ቻርጁ አልሞላም ማለት ነው። አሥራ ሰባቱ 1.270 ብለው አንዱ 1.215 ካለ ግን በሽተኛው ተገኘ። ከሌሎቹ በ0.050 የራቀ ሴል ብዙ ጊዜ አይመለስም። ልዩነቱ 0.030 አካባቢ ከሆነ ግን ተስፋ አለ፤ ቻርጀሩ የማመጣጠን ቻርጅ ካለው፣ ማለትም ባትሪው ሞልቶ ሳለ በከፍተኛ ቮልት ለተወሰነ ሰዓት እንዲፈላ የሚያደርግ ከሆነ፣ እሱን ስጡትና በየሰዓቱ እየለካችሁ ቁጥሩ መውጣት ሲያቆም አቁሙ።

ያን ደብተር አትጣሉት። በዓመት ሁለቴ ከተሞላ ባትሪው መቼ እንደሚሄድ አስቀድሞ ይነግራችኋል።

ውሃ የሚጨመረው ቻርጅ ካለቀ በኋላ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ውሃው ይነሳል፤ አስቀድሞ የሞላ ሰው አሲዱን ባትሪው ራስ ላይ ያፈሳል። አንድ ብቻ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ከውሃው በላይ ከታዩ፣ ቻርጅ ከማድረግ በፊት እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምሩ። ሲሞላ ከቀዳዳው አንገት ታችኛ ጫፍ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ዲስቲልድ ውሃ ብቻ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃም አይሆንም። አሲድ ፈጽሞ አይጨመርም። ከባትሪው የሚጠፋው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ።

የባትሪውን ራስ ደረቅና ንጹህ አድርጉ። እርጥብ አቧራ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ለማረጋገጥ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ፣ ሌላውን የፕላስቲኩ ራስ ላይ አሳርፉት። ቮልት ካሳየ ባትሪው ቆሞ እያለ ራሱን እያራገፈ ነው። በሶዳ ውሃ አጥቡት።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ብዙ ሰው ለሬዲዮ ወይም ለመብራት 12 ቮልት ሲፈልግ ከሁለት ባትሪ ላይ ቀጥታ ይቀጥላል። አታድርጉት። ሁለቱ ባትሪዎች ከአራቱ ይልቅ ይደክማሉ፣ ቻርጀሩ ደግሞ ስድስቱን እኩል ነው የሚያያቸው። ከ36 ወደ 12 የሚቀይር ትንሽ ኮንቨርተር ግዙ።

ቻርጀሩ

የድሮው ቻርጀር ከባድ ትራንስፎርመርና የሰዓት መቁጠሪያ ነው። ሰዓቱን የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ፤ ባትሪው ሞላ አልሞላ አያውቅም። ለታሪኩ አስቀምጡት፤ ለሥራ ግን ዘመናዊ 36 ቮልት ቻርጀር ግዙ። መጠኑ ከባትሪው አምፔር-ሰዓት አሥር በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ለ225ቱ ከ22 እስከ 25 አምፔር ይበቃል። ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ለሊትየም ወይም ለተዘጋ ባትሪ የተሠራው አይሆንም። ሲሠራ ወደ 44 ቮልት ከፍ ብሎ ቆይቶ ራሱ ማቆም አለበት።

አጭዳችሁ እንደጨረሳችሁ የዚያኑ ዕለት ሰኩት። ባዶ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ ሳህኑ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አቅም የሚያጣው በዚህ ነው። ኤክስቴንሽን ከተጠቀማችሁ ወፍራምና አጭር ይሁን። በእጅ ስትነኩት ከሞቀ ቀይሩት።

አንድ ቮልት የት ጠፋ?

ባለፈው ግንቦት ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወጣት ደወለልኝ። ኢ-12 ገዝቷል፣ ስድስት አዲስ ባትሪ አስገብቷል፣ ግን ተዳፋት ላይ ትንፏቀቃለች።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል መሰለኝ። አዲስ ሞተር ከየት ላገኝ እችላለሁ?»

«ቆይ፣ ሞተሩን ተወው። ቴስተር አለህ?»

«አለኝ።»

ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ በዚህ ማሽን ላይ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ፈተና ይሄ ነው። ቢላዎቹ ጠፍተው ይቆዩ። ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ጫፎቹ ላይ ባለ ጥርስ መቆንጠጫ ያላቸው ረጃጅም ገመዶች ግጠሙ። አንዱን የአንደኛው ባትሪ የእርሳስ ራስ ላይ ቆንጥጡት፤ ሞርሴቶው፣ ማለትም የገመዱ ማሰሪያ፣ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን በአገናኙ ገመድ ማዶ ያለው ባትሪ የእርሳስ ራስ ላይ። ቴስተሩን መሪው ላይ እሰሩት። ከዚያ ተቀምጣችሁ ተዳፋቱን ንዱና ቁጥሩን አንብቡ። እጃችሁ ከገመዱ አጠገብ መድረስ የለበትም።

ጥሩ መገናኛ ላይ ቁጥሩ ከዜሮ ብዙም አይነሳም፤ የቮልት መቶኛ ጥቂቶች ነው። ልጁ በየገመዱ እየዞረ ለካ። አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ አንድ ነጥብ ሁለት ይላል።»

1.2 ቮልት በ75 አምፔር ሲባዛ 90 ዋት ነው። አንድ ሞርሴቶ ላይ 90 ዋት እየነደደ ነው ማለት ነው። «አጥፋና በእጅህ ጀርባ ቀረብ አድርገህ ሙቀቱን እይ» አልኩት። ይፋጃል። ሲፈታው ከላይ የሚያብረቀርቀው ሞርሴቶ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። አዲስ ባትሪ ላይ የድሮውን ገመድ መልሶ አስሮ ነበር። ገመዱን በአዲስና በወፍራም ቀየረው፤ የተዳፋቱም ችግር አለቀ። ሞተሩ ዛሬም ያው ሞተር ነው።

በዚሁ መንገድ ሁሉንም ተከተሉ፦ ከባትሪ እስከ ዋናው ፊውዝ፣ በፊውዙ ላይ፣ በተዘጋው ኮንታክተር ላይ፣ ከኮንታክተር እስከ ሞተር። የሚጠፋው ቮልት የሚገኝበት ቦታ ላይ ነው የምትጠግኑት። ዋና ፊውዝ ከሌላት ደግሞ ከባትሪው አጠገብ አንድ ግጠሙ፤ ለዲሲ የተሠራ ይሁን። የቤት ብሬከር አይሆንም፤ የዲሲ ብልጭታ አይቆርጥለትም።

ሞርሴቶ ስታጸዱ፣ የእርሳሱን ራስና የሞርሴቶውን ውስጥ ብረቱ እስኪያበራ በብሩሽ ፈትጉ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ከዚያ በላዩ ቫዝሊን ቀቡ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቅባቱ ከመታሰሩ በፊት መሃል ከገባ አይረዳም።

ሞተርና ኮንታክተር

የሞተር ካርቦን በዓመት አንዴ ይታይ። ሽፋኑን ክፈቱ፣ ሞላውን አንሱ፣ ካርቦኑ በቤቱ ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች በነጻ መንሸራተቱን እዩ። ከቆመ ማሽን የሚመጣው ብልሽት ብዙ ጊዜ ይሄ ነው፤ ካርቦኑ በአቧራና በእርጥበት ተጣብቆ ኮሙቴተሩን፣ ከዘንጉ ጋር የሚዞረውን የመዳብ ቀለበት፣ አይነካም። አውጥቶ ቤቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ርዝመቱ ወደ ሲሶ ከቀረበ ይቀየር። አዲሱን ካርቦን ለማስማማት፣ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ሻካራው ፊቱ ወደ ካርቦኑ ሆኖ በኮሙቴተሩ ላይ ጠቅልሉና ዘንጉን በእጅ ወዲህ ወዲያ አዙሩ። የብረት መሞረጃው ጥቁር ወረቀት አይሁን፤ ፍርፋሪው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል።

ኮሙቴተሩ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ አትንኩት። ያ ቀለም ጤና ነው። ብዙ ሰው እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ያነጣዋል፤ ካርቦኑ ከዚያ በኋላ ቶሎ ያልቃል። የሚያሳስበው የተቃጠለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ጎድጓዳ መስመርና የጠራ መዳብ ናቸው። የካርቦኑን ዱቄት በቀስታ አየር ንፉት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

የመንጃውን ሞተር በክሪክ አንስታችሁ የምትፈትኑ ከሆነ፣ ቀጫጭኖቹ የፊልድ ገመዶች በደንብ መታሰራቸውን መጀመሪያ አረጋግጡ። ጭነት የሌለው ሞተር ፊልዱ ከተበጠሰበት ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላል።

የኮንታክተር ኮንታክቶች መጥቆራቸው ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የብር ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ተዘግቶ በሥራ ላይ ሳለ ከ0.1 ቮልት በላይ ከጠፋበት ግን ሥራ አለ። በወፍራም ወረቀት አጽዱት፤ በሞረድ አትብሉት። ብሩ ስስ ነው፣ ካለቀ አለቀ።

ቢላ፣ ቺንጋ፣ ካምቢዮ

ደነዝ ቢላ ባትሪ ይበላል። ይህን ነገር ሰው አቅልሎ ያየዋል፤ ግን ዴኩን በሳለ ቢላና በደነዘ ቢላ አምፔሩን ብትለኩት ልዩነቱን በዓይናችሁ ታያላችሁ። በማጨጃ ወቅት በየወሩ ሳሉ። ሁለቱን ጎን እኩል ሞርዱ፣ ከዚያ መሃሉን ግድግዳ ላይ በተመታ ሚስማር አንጠልጥሉ፤ ያዘነበለው ጎን ይሞረዳል። ሚዛኑን ያልጠበቀ ቢላ የሞተሩን ኩሽኔታ ይገድላል። ቢላ ከመንካታችሁ በፊት ሁሌ የዴኩን ሶኬት ንቀሉ። ኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጅ ሞተር ድምፅ አሰምቶ አያስጠነቅቅም።

ከዴኩ ስር የሚጋገረውን ሣር በእንጨት ፍቁ። በውሃ ግፊት አትጠቡ፤ ሞተሮቹ ከላይ ተቀምጠዋል፣ ውሃውን ይጠጡታል።

ቺንጋው ከተሰነጠቀ ወይም ጎኑ እንደ መስተዋት ካበራ ቀይሩት። የካምቢዮውን ቅባት መጠን ተመልከቱ፤ የጎማውን ንፋስ እኩል አድርጉ። መሪውና የፊት ጎማ አካባቢ ያሉትን የግራሶ ነጥቦች በጸደይ አንዴ ግራሶ ስጧቸው። ሌላ ብዙ የለውም።

ሊትየም ይሻላል ወይ?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ነው። አሥራ ሁለት የሊትየም አይረን ፎስፌት ሴል በተርታ 38.4 ቮልት ይሰጣል፤ ለትራክተሯ በጣም ይስማማል። ውሃ አይፈልግም፣ ግማሽ ላይ ቢያድር አይጎዳም፣ ረጅም ዕድሜ አለው። ጉልበቱም እስከ መጨረሻው አይወርድም።

ግን ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት ታጣላችሁ፤ የኔ ዓይነት ተዳፋት ላይ ጎማው ይንሸራተታል። የጎማ ክብደት መጨመር አለባችሁ። የባትሪው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ስትነሱ የሚመጣውን ትልቅ አምፔር መቻል አለበት፤ ካልቻለ መሃል መንገድ ላይ ይዘጋል። ቻርጀሩ በ43.8 ቮልት የሚያቆም ልዩ ቻርጀር ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ አይቻልም፤ ይህ በክረምት በረዶ መጥረጊያ ለምትገጥሙ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ለብዙዎቻችሁ የምመክረው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት በእርሳስ ባትሪ ሥሩ። ማሽኗን እወቋት፣ ገመዶቿን አስተካክሉ። ከዚያ ወስኑ።

ክረምትና መለዋወጫ

እዚህ ማጨድ የሚቆመው ኅዳር አካባቢ ነው። ከመቆሙ በፊት ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሙሉት። ሙሉ ባትሪ በሜሪላንድ ብርድ አይረጋም፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች አሥር ዲግሪ ሳይደርስ ሊረጋና ቤቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። በየወሩ ለኩት፣ ዝቅ ካለ መልሳችሁ ሙሉት። የመሃሉን አገናኝ ገመድ ፈትታችሁ አስቀምጡ፤ አይጥ ገመድ ብትበላ እንኳ ሾርት አይሆንም።

መለዋወጫ የለም የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ኩሽኔታው መደበኛ ነው፤ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብባችሁ የትም ትገዛላችሁ። ቺንጋ በልኩ ይገኛል። ካርቦን የሞተር ጠጋኝ ቤቶች ተቀራራቢውን ሞርደው ያስተካክሉላችኋል። ኮንታክተር ከጎልፍ ጋሪና ከፎርክሊፍት ዕቃ መካከል ይገኛል፤ የኮይሉ፣ ማለትም ኮንታክተሩን ስቦ የሚዘጋው ጥቅል ሽቦ፣ ቮልት 36 መሆኑን አረጋግጡ። የማይገኘው የቢላ ሞተርና የመንጃው ሞተር ነው። ስለዚህ አካባቢያችሁ የተበላሸች ኢሌክ-ትራክ በርካሽ ስትሸጥ ካያችሁ፣ ቦታ ካላችሁ ለዕቃ ብላችሁ ግዟት። ማንኛውንም ገመድ ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ፎቶ አንሱ፣ በነጭ ፕላስተር ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ሁለቱም ጫፍ ላይ ለጥፉ።